የጨነገፈች ፍየል ደም “ነፃ ነው” ተባለ፤ ልመነው?

ባለጋጣው

ጤና ይስጥልኝ። የወተት ፍየሎች አረባለሁ። በያዝነው የወሊድ ወቅት ሁለት ፍየሎች አራተኛ ወራቸውን እንደያዙ ጨነገፉ። የአንደኛዋ የእንግዴ ልጅ እስከ ማግስቱ ድረስ አልወረደም ነበር። ሲወርድ ቆዳው ወፍሯል፤ ክብ እብጠቶቹ ቀይ መሆናቸው ቀርቶ ግራጫማ ቢጫ ሆነዋል፤ በመካከላቸውም ዝልግልግ ፈሳሽ ተጋግሮባቸዋል። ፍየሎቹ ራሳቸው ግን የታመሙ አይመስሉም። ይበላሉ፣ ያመሰኳሉ፣ ትኩሳትም የላቸውም።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከሁለቱም ደም ወሰደ። ሮዝ ቤንጋል በሚባለው የደም ምርመራ ብሩሴሎሲስ የተባለው የሚያስጨነግፍ በሽታ የለባቸውም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ በሰላም እየወለዱ ነው፤ ግልገሎቻቸውም ጠንካሮች ናቸው። በመካከላቸው ከሌላ መንጋ የገዛኋቸው ጥቂት ወጣት ፍየሎች አሉ። ሲገዙ ተመርምረው ነፃ ተብለዋል፤ ያን ጊዜ ገና አላረገዙም ነበር።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህን ውጤት አምኜ ልቀመጥ? በሰላም የወለዱትንስ መመርመር ያስፈልጋል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

ሐኪመ እንስሳት

ወንድም ባለጋጣው፣ አምነው አይቀመጡ። ሐኪሙ ሥራውን አበላሽቷል ማለቴ አይደለም፤ ችግሩ ደሙ የተወሰደበት ቀን ነው።

ሮዝ ቤንጋል ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ፍየሏ ባክቴሪያውን ለመመከት ያመረተችውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። በወሊድ ሰሞን ደግሞ ይህ ፀረ እንግዳ አካል ከደም እየወጣ ወደ እንገሩ ይገባል፤ ግልገሉን የሚጠብቀውም እሱ ነው። በዚያ ላይ ፍየሏ የተያዘችው በቅርብ ከሆነ ሰውነቷ ገና በቂ አላመረተም። ሁለቱ ሲገጣጠሙ በሽታው ያለባት፣ በእንግዴ ልጇም ባክቴሪያውን በገፍ የምትረጭ ፍየል በደም ምርመራ ንጹሕ ሆና ትወጣለች። ስለዚህ ስትጨነግፍ ወይም ስትወልድ ተመርምራ “የለባትም” የተባለች ፍየል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ደሟ መወሰድ አለበት። እስከዚያ ድረስ ውጤቱን “ገና አልታወቀም” ብለው ይያዙት።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ሳነብ ይበልጥ ሰጋሁ። ፍየልን የሚያጠቃው ዋናው የብሩሴሎሲስ ባክቴሪያ ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ ነው። የተያዘች ፍየል ብዙውን ጊዜ የምትጨነግፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እርግዝና ወሯን ጨርሳ፣ ጤናማ የሚመስል ግልገል ትወልዳለች፤ ባክቴሪያው ግን በእንግዴ ልጇም፣ በሽርት ውኃዋም፣ በወተቷም ይወጣል። ከወሊድ በኋላ በብልቷ የሚወጣው ፈሳሽ ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል ሊበክል ይችላል። በወተት የሚወጣው ደግሞ ከዚያም አልፎ ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። እንግዲህ “በሰላም ወለደች” የሚለው ቃል ስለዚህ በሽታ ምንም አይነግርዎትም። የወለዱትን ሁሉ ይመርምሩ።

ስለ ተገዙት ወጣት ፍየሎች፦ ከታመመች እናት የተወለደች ግልገል ባክቴሪያውን ከማሕፀን ወይም ከወተት ይዛ፣ ደሟ ምንም ሳያሳይ አድጋ፣ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ብቻ ልትገለጥ ትችላለች። ሁሉም እንዲህ ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን አንዷ ትበቃለች። ስትገዛ የተሰጣት የ“ነፃ ናት” ወረቀት ከመጀመሪያ ወሊዷ በኋላ በሚደረግ ምርመራ ካልታደሰ ብዙ አይተማመኑበት።

ለጊዜው የጨነገፉትን ሁለቱንና አሁን የሚወልዱትን ለየብቻ ያግልሉ። ወተታቸውን ሳያፈሉ ማንም አይጠጣ፤ አይብም አይሠራበት።

ነጭ ጋዋን

ቤተ ሙከራ ውስጥ የምሠራ ነኝ። ዶክተር ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ምርመራው አሠራር ነው፤ ምክንያቱም “ነፃ” የሚለው ውጤት ከጠረጴዛው ላይም ሊበላሽ ይችላል።

ሮዝ ቤንጋል ቀላል ይመስላል። አንድ ጠብታ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ጥሩ ፈሳሽ)፣ አንድ ጠብታ ሮዝ ቀለም የተነከረ አንቲጅን (ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው የሞተ ባክቴሪያ)፣ ማደባለቅ፣ ሰሌዳውን 4 ደቂቃ ማወዛወዝ፣ ማየት። ለከብት ሁለቱ እኩል በእኩል ይለካሉ። ለፍየልና ለበግ ግን በዚህ ልክ ከተሠራ ደካማ ውጤቶች ያመልጣሉ፤ ስለዚህ ሴረሙ ሦስት እጅ፣ አንቲጅኑ አንድ እጅ ይደረጋል፤ ማለትም 75 ማይክሮ ሊትር ሴረም በ25 ማይክሮ ሊትር አንቲጅን። ደማችሁን የላካችሁበትን ቤተ ሙከራ በየትኛው ልክ እንደሠራ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ ብጠየቅ ደስ ይለኛል።

ሌላው ሙቀቱ ነው። አንቲጅኑ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ከተጨመረ አሠራሩ ይዘገያል፤ እሱም ሴረሙም የክፍሉን ሙቀት መያዝ አለባቸው። አራቱ ደቂቃዎች ሲያልቁ ሰሌዳውን ዘንበል አድርጎ ጥሩ ብርሃን ላይ ማየት ነው። ነፃ የሆነው ጠብታ ወጥ ሮዝ ሆኖ ይፈስሳል። በሽታው ያለበት ጠብታ ዳር ዳሩን ቀጭን የሮዝ ጠርዝ ያበጅና መሐሉ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ችኩል ሰው የሚስተው ይህንን ደቃቁን ነው። በዓይን የሚታይ ማንኛውም መሰባሰብ “አለ” ተብሎ ይመዘገባል፤ “ትንሽ ነው” ተብሎ አይታለፍም። የተገላቢጦሹም አለ፦ በደንብ ያልረጋ ደም ውስጥ የቀሩ ክሮች ልምድ ለሌለው ዓይን መሰባሰብ ሊመስሉ ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ስትጨነግፍ ወዲያው ከምትወስዱት ደም ይልቅ የሚናገረው የእንግዴ ልጁና ጽንሱ ነው። በተለይ የጽንሱ የጨጓራ ፈሳሽ ከሌላ ቆሻሻ የራቀ ስለሆነ ባክቴሪያውን ለማሳደግ የተመረጠ ናሙና ነው። ከእናቲቱም ከብልቷ በስዋብ (ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት)፣ ከሁለቱም የግቷ ጎን ደግሞ ወተት ይወሰዳል። ናሙናው በማይፈስ ዕቃ፣ ዕቃው በሌላ ዕቃ ተከቶ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ “ብሩሴላ ይጠረጠራል” ተብሎ በጉልህ ተጽፎበት ይላክ። ይህች ጽሑፍ የኛ ሕይወት ናት፤ ብሩሴላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራተኞችን በመያዝ የታወቀ ባክቴሪያ ነው።

ተጠራጣሪው

ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ብሩሴላ ብሩሴላ ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፍየል የምታጨነግፈው በብሩሴላ ብቻ ነው ያለው ማነው? ክላሚዲያ አለ፣ ኮክሲዬላ አለ፣ ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ አሉ። ቶክሶፕላዝማን አልቆጥርም፤ እሱ ባክቴሪያ አይደለም። ባለጋጣው የገለጹት የወፈረ የእንግዴ ልጅ በክላሚዲያም ልክ እንዲሁ ይሆናል። ለአንድ በሽታ ብቻ መርምሮ “የለም” ሲባል መተኛት፣ “አለ” ሲባል ደግሞ ሌላውን መርሳት፣ ሁለቱም አንድ ናቸው።

የኮክሲዬላን ነገር በቀላሉ አትዩት። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በነበረው ወረርሽኝ ከ4,000 በላይ ሰዎች ኮክሲዬላ በሚያመጣው በኪው ትኩሳት መያዛቸው ተመዝግቧል። ምንጩ የወተት ፍየል እርባታዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ታማሚዎች ፍየል ነክተው አያውቁም፤ በአቅራቢያ በመኖራቸው ብቻ አየሩ አመጣባቸው። በመጨረሻ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እርጉዝ ፍየሎች ተወገዱ። በወተት ማጠራቀሚያ ጋን ላይ ምርመራ ግዴታ የሆነው በ2009 ነበር፤ ማለትም ወረርሽኙ ከጀመረ በኋላ ዘግይቶ።

ነጭ ጋዋን

ተጠራጣሪው ትክክል ነዎት፤ እኛም ጋ ይህ ወጥመድ አለ። የእንግዴ ልጁን በመስታወት ላይ ቀብተን በተሻሻለው ዚል ኒልሰን ስናቀልመው ብሩሴላም፣ ክላሚዲያም፣ ኮክሲዬላም በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ሆነው ይታያሉ። በማይክሮስኮፕ ብቻ እገሌ ነው ብሎ መፈረም ድፍረት ነው። ከአንዱ የእንግዴ ልጅ ናሙና ሦስቱንም በፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘረ መል በሚፈልግ ምርመራ) መለየት ይቻላል፤ ስለዚህ አንድ ናሙና ሲልኩ ሦስቱንም ይጠይቁ። ለኮክሲዬላ ከብልት የሚወሰደው ስዋብ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። የደም ምርመራው ፍየሏ ከበሽታው ጋር መገናኘቷን እንጂ አሁን እየረጨች መሆን አለመሆኗን አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ልቃወምዎት። ክላሚዲያ በአብዛኛው የሚያስጨነግፈው በእርግዝና መጨረሻ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። የባለጋጣው ፍየሎች ገና በአራተኛ ወራቸው ነው የጨነገፉት። ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ሚዛኑን ወደ ብሩሴላ ያጋድለዋል።

እመት ወተት

እኔ የማውቀው የወተት ቀለበት ምርመራ አለ፤ ወተት ላይ ቀለም ጠብ ተደርጎ ቅባቱ ሰማያዊ ቀለበት ከሠራ በሽታ አለ ይባላል። ርካሽም ፈጣንም ነው። ለምን ደም በመቅዳት ፍየሎቹን ታስጨንቃላችሁ?

ሐኪመ እንስሳት

እመት ወተት፣ ለላም ጥሩ ምርመራ ነው፤ ለፍየል ግን አይሆንም። የፍየል ወተት ቅባት እንደ ላም ወተት ተሰባስቦ ወደ ላይ ስለማይወጣ ቀለበቱ በትክክል አይሠራም። ወተት ላይ ለፍየል የሚያገለግሉት ኤላይዛ (ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልግ ሌላ ምርመራ)፣ ፒሲአርና ባክቴሪያውን ማሳደግ ናቸው።

የታሪክ ወዳጅ

ጤናማ የምትመስል ፍየል ስለተባለ አንድ ነገር ልበል። የማልታ ትኩሳት ይባል የነበረው ይኸው ብሩሴሎሲስ በማልታ ደሴት የእንግሊዝ ወታደሮችን ሲፈጅ የጦር ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ ባክቴሪያውን ከሟቾች ጣፊያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ፍየሎቹ በየደጁ እየታለቡ፣ ወፍረውና አምረው እየታዩ ማን ይጠርጥራቸው? ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለው ማልታዊ ሐኪም በ1905 የፍየሎቹን ደም ሲመረምር ነው ጉዱ የወጣው። በተከታዩ ዓመት የፍየል ወተት ከጦር ሰፈሩ ሲታገድ የወታደሮቹ ሕመም በፍጥነት ወረደ። ባለጋጣው፣ “የታመሙ አይመስሉም” ሲሉ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው።

ባለጋጣው (ከአንድ ወር በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ጠብቀን፣ የጨነገፉትንም የወለዱትንም በሙሉ አስመረመርን። ከጨነገፉት አንዷ፣ በሰላም ከወለዱት ደግሞ ሌላ አንዷ በሮዝ ቤንጋል ተያዙ። ኮምፕሊመንት ፊክሴሽን በሚባለው ሌላ የደም ምርመራም ተረጋገጠ። በሰላም የወለደችው መንታ የወለደች፣ ከመንጋው አንደኛ ወተት የምትሰጥ ናት፤ ከተገዙት መካከልም ነች። ክላሚዲያና ኮክሲዬላ በናሙናው አልተገኙም። በመንጋዬ ላይ ክትባት ተሰጥቶ አያውቅም።

አሁን ምን ላድርግ? ኦክሲቴትራሳይክሊን በሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ማከም ይቻላል የሚሉኝ አሉ። መንታዎቹንስ?

ነባር አርቢ

ወንድሜ፣ እኔ ከሆንኩ አንደኛ ወተት ሰጪዬን በአንድ ወረቀት አላርድም። ረጅም የሚሠራውን መርፌ አስወጋትና አይሻለሁ እላታለሁ። እነዚህ ሐኪሞች “አስወግድ” ማለት ይቀልላቸዋል፤ ፍየሏ የነሱ አይደለችም።

ሐኪመ እንስሳት

ነባር አርቢ፣ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ ምክርዎ ግን መንጋውን በሙሉ ያስበላል። ብሩሴላ የሚኖረው በራሷ በፍየሏ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ነው። መድኃኒቱ ለጊዜው የምትረጨውን ሊቀንስ ይችላል፤ አጥርቶ ግን አያወጣውም። ከዚያ የሚመጣው የባሰ ነው፦ ስለታከመች ድናለች ተብላ ከመንጋው ትቀላቀላለች፣ የደም ውጤቷም ይወዛገባል፣ በሚቀጥለው ወሊድ ደግሞ እንደገና ትረጫለች። በፍየል ብሩሴሎሲስ ሕክምና የማይመከረው ሐኪም ስለ ሰነፈ አይደለም።

ባለጋጣው፣ ሁለቱን ያስወግዱ፤ ነገር ግን ሽጠው ለሌላ አርቢ አያሻግሩ። በሕግ ማሳወቅ ግዴታ በሆነበት አገር ከሆኑ ለእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ያሳውቁ። የቀሩትን በየጊዜው፣ በተለይም ከእያንዳንዱ ወሊድ በኋላ፣ መመርመር ይቀጥሉ። አንድ ዙር ንጹሕ ሲወጣ መንጋው ነፃ ሆነ አይባልም፤ ወራት አራርቆ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ንጹሕ ዙር ያስፈልጋል። በነዚያ ወራት ውስጥ የሚወልዱ አሉና ድብቆቹ የሚወጡት ያኔ ነው። ሁለተኛዋ የጨነገፈች ፍየል ነፃ ብትባልም እኔ ብሆን እንደ ተጠርጣሪ ለብቻዋ አቆያት ነበር።

መንታዎቹን አሁን አይመርምሯቸው፤ ትርጉም የለውም። ከእንገሩ የወሰዱት የእናታቸው ፀረ እንግዳ አካል ደማቸው ውስጥ ስላለ ንጹሕ ቢሆኑም “አለባቸው” ሊል ይችላል። እሱ በወራት ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ ባክቴሪያው ቢኖርባቸውም “የለባቸውም” ሊል ይችላል። ለእርባታ አያስቀሯቸው፤ ነገሩ በዚህ ይለቅ።

ክትባት ስላነሱ፦ ለፍየል የሚሰጠው ሬቭ 1 የሚባለው ሕይወት ያለው ክትባት ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ላሉ ግልገሎች ይሰጣል፤ በዓይን ጠብታ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በቆዳ ሥር ሲወጋ በደም ምርመራ ላይ ለረጅም ጊዜ “አለ” ያስብላል። እርጉዝ ፍየል ከተሰጣት ሊያስጨነግፋት ይችላል። የሚሰጠው ሰውም ዓይኑና እጁ ላይ ቢረጭበት ሊታመም ይችላል። ስለዚህ በራስ ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ባለጋጣው

እሺ ዶክተር። ከልቤ ባይወጣም አደርገዋለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። ጋጣውን የሚጠብቀው ልጅ፣ ያንን የእንግዴ ልጅ በባዶ እጁ ስቦ ያወጣው እሱ ነው፣ ሰሞኑን ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፤ ወገቤን ይላል። ትኩሳቱ መጣ ሄደት ይላል። የወባ ምርመራ ተደርጎለት የለበትም ተብሏል።

የሰው ሐኪም

እንስሳት ላይ አላውቅም፤ ይህንን ግን ልመልስ። ልጁ ዛሬ ነገ ሳይል ጤና ተቋም ይሂድ፤ ገና ወንበር ላይ ሳይቀመጥም “የጨነገፈች ፍየል የእንግዴ ልጅ በእጄ ነክቻለሁ፣ ፍየሏ ብሩሴሎሲስ ተገኝቶባታል” ብሎ ይናገር። ይህን ካልተናገረ ሐኪሙ በሌላ ትኩሳት ሲያመላልሰው ሊከርም ይችላል። ምልክቱ ከተጋለጠ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካም፣ የሚመላለስ ትኩሳት የታወቁ ናቸው። ይድናል፤ ግን ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአንድነት፣ በአብዛኛው ለስድስት ሳምንት ይወሰዳል። በሁለተኛው ሳምንት ሲሻለው ካቋረጠ ያገረሽበታል፤ አከርካሪንና የልብ በርን የሚይዘውም እንዲህ ችላ ሲባል ነው። ወተቱን ሳይፈላ የጠጣ ሌላ ሰው ካለ እሱም ይመርመር። ነፍሰ ጡር ሴት ወሊድ ባለበት ጋጣ ድርሽ አትበል።

እመት ወተት

ልጁን ይማርልን። እኔ ደግሞ ልጠይቅ፤ የእንግዴ ልጁን የት ነው የምትጥሉት? ብዙ ሰው ለውሻ ይወረውረዋል።

ሐኪመ እንስሳት

ውሻ አይቅመሰው። ውሻው ራሱ ሊያዝ ይችላል፤ ባይያዝም ጎትቶ ግጦሹ ላይ ይበትነዋል። ባክቴሪያው ፀሐይ ሲያገኘው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ በጥላ፣ በእርጥብና በቀዝቃዛ ቦታ ግን ለወራት ይቆያል። በጓንት፣ ዓይንና አፍን ሸፍኖ ማንሳት፣ ማቃጠል ወይም ኖራ ነስንሶ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት መቅበር ነው። ጉዝጓዙም አብሮ ይሂድ። ወለሉ መጀመሪያ ከእበቱና ከደሙ መጽዳት አለበት፤ በቆሻሻ ላይ የተረጨ ፀረ ጀርም መድኃኒት ኃይሉ እዚያው ያልቃል።

ባለጋጣው

የመጨረሻ ጥያቄ። አውራው ፍየል አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉንም ያስረገዘው እሱ ነው። ደሙ ነፃ ተብሏል። ለሌላ አርቢም ላውሰው ቃል ገብቻለሁ።

ሐኪመ እንስሳት

ቃልዎን ያጥፉ። አውራ ፍየል ቆለጡ ውስጥ ይዞት ደሙ ላይታይ ይችላል። ሁለቱን ቆለጦች በእጅ ዳስሰው ያወዳድሩ፤ አንዱ ካበጠ፣ ከጠነከረ ወይም ከቆለጡ ታች በኩል ያለው የዘር ቱቦ ጫፍ ከወፈረ ምልክት ነው። ምንም ባይገኝበትም ደሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገም፤ ዘሩም ለምርመራ ይላክ። እስከዚያ ከጋጣው አይውጣ። ከዚህ በፊት ያዋሱት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይንገሩት፤ የሱም ፍየሎች ሊወልዱ ተቃርበው ይሆናል።